የተዘጋውን መዝገብ ማን ይከፍተዋል?

በቅርቡ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ መጥታችሁ በኪርያት ማላኪ፣ በገደራና በያቭኔ የሰፈራችሁ ቤተሰቦች፤ ብዙዎቻችን እዚያ ከቀሩት ዘመዶቻችን ወሬ የምንሰማው በፌስቡክና በቲክቶክ ነው። የትኛው ወሬ ለስንት ሰው እንደደረሰና ለምን እንደተሠራጨ የሚያሳየው መዝገብ ግን በኩባንያዎቹ እጅ ነው። ይህ መዝገብ ለተመራማሪዎች ይከፈት ወይስ አይከፈት የሚለው ክርክር እኛንም እንደሚነካ ለማየት ከራሳችን ታሪክ እንጀምር።

በጃንዋሪ 1996 እ.ኤ.አ. ማዓሪቭ የተባለው ጋዜጣ፣ ወገኖቻችን የለገሱት ደም ለዓመታት በስውር ሲጣል መኖሩን ገለጠ። ለጋሾቹ ምንም አልተነገራቸውም ነበር። ጃንዋሪ 28 ቀን 10 ሺህ ያህል ሰው በኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጣ፤ ጉዳዩንም የቀድሞው ፕሬዚዳንት ይጽሐቅ ናቮን የመሩት ኮሚሽን መረመረው። በጃንዋሪ 2012 ደግሞ እዚሁ ኪርያት ማላኪ ውስጥ አንዳንድ የሕንፃ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በቴሌቪዥን ተዘገበ። ሁለቱንም ጊዜ እውነቱን ያወቅነው ጋዜጠኛ ስለደረሰበት እንጂ መዝገቡ ስለተከፈተልን አይደለም። በ1998 የወጣው የእስራኤል የመረጃ ነፃነት ሕግም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን እንድንጠይቅ እንጂ የግል ኩባንያን መዝገብ እንድናይ አይፈቅድም።

በኦክቶበር 2021 የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሆገን የድርጅቱን የውስጥ ሰነዶች ይዛ በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀረበች፤ ኢትዮጵያንም በስም ጠርታ አስጠነቀቀች። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 3 ቀን፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከጥላቻ ቃል ጋር ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ነበር። ቤተሰባቸው ይነሣልን ብሎ ቢያመለክትም በጊዜው አልተነሣም ሲል ልጃቸው በዲሴምበር 2022 ኬንያ ውስጥ ኩባንያውን ከሰሰ፤ በኤፕሪል 2025 የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ያወጣው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ይህን በሽታ ለመግለጥ የታሰበ ነው። በአንቀጽ 40 መሠረት፣ በኅብረቱ ውስጥ በወር ከ45 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ያላቸው ድርጅቶች ለተፈቀደላቸው ተመራማሪዎች መረጃ መስጠት አለባቸው። ተመራማሪው ከንግድ ጥቅም ነፃ መሆኑንና የሰውን ምስጢር መጠበቅ መቻሉን ማስረዳት ይኖርበታል። ዝርዝር ደንቡ በኦክቶበር 2025 መሥራት ጀመረ። በዲሴምበር 2025 ኤክስ የተባለው ድርጅት 120 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣ፣ ከጥፋቶቹ አንዱ ለተመራማሪዎች በሩን መዝጋቱ ነበር።

ይሁን እንጂ ሕጉ የሚያስጠናው አውሮፓን የሚያሰጋውን አደጋ ነው። ጎንደርም ሆነ ገደራ ከዚያ ውጭ ናቸው። በአማርኛ የተጻፈ ጥላቻ ቤታችን ሲገባ፣ እንዴት እንደደረሰን መርምሮ የሚነግረን ሰው እስካሁን ይህ መብት የለውም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስታዩ ለሌላ አታስተላልፉ፤ ለድርጅቱ አመልክቱ፤ ቀኑ የሚታይበትን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። በ1996 ምንም ማስረጃ በእጃችን አልነበረም። ዛሬ ግን ቢያንስ የራሳችንን መዝገብ መያዝ እንችላለን።