የልብ ብድር

ይፋግ ላይ ሌሊቱ ሲጠልቅና ውሾች እንኳ ዝም ሲሉ፣ ከአክስቴ ቤት ጓዳ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ለቤቱ እንግዳ የሆነ ሰው የግድግዳ ሰዓት ይመስለዋል። የአክስቴ ልጅ ልብ ነው። በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮ ሕመም ውሎ አድሮ ልቧን ጎዳው። ሐኪሞች ቫልቭ የሚሉት የልቧ በር ስለተበላሸም በአሥራ አራት ዓመቷ አዲስ አበባ ተወስዳ ሰው ሠራሽ በር ተተከለላት። እነሆ ዛሬ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። ባለፈው ወር አንገቷን ደፍታ፣ «ጋሼ፣ ባገባ መውለድ እችላለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህች ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የተወለደች ናት።

ውድ አንባቢያን፣ ታሪኩን ከሩቅ ልጀምር። የልብ ምት የሚያስተካክለው መሣሪያ፣ ፔስሜከር የሚባለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አካል ውስጥ የተተከለው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 1958 በስዊድን፣ በስቶክሆልም ነው። ታማሚው አርነ ላርሰን የ43 ዓመት ሰው ነበር፤ ልቡ በቀን ብዙ ጊዜ እየቆመ ራሱን ይስት ነበር። ሚስቱ ቀዶ ሐኪሙን ኦከ ሴኒንግንና መሐንዲሱን ሩነ ኤልምክቪስትን አላስቆም አላስቀምጥ ብላ ወተወተቻቸው። ኤልምክቪስትም ሊስትሮዎች በሚይዙት ዓይነት የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ሙጫ አፍስሶ መሣሪያውን ቀረጸው። የመጀመሪያው በሰዓታት ውስጥ ተበላሸ፤ በሌላ ተተካ። ላርሰን ግን በሕይወት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በ86 ዓመቱ፣ በሌላ ሕመም ዐረፈ። ሐኪሙንም መሐንዲሱንም ቀብሮ ነው የሞተው። እስከዚያ ድረስ ግን 26 መሣሪያዎች ተቀያይረውለታል።

ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ የመጀመሪያውን ቀን ያደንቃል። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ዓይኔ የሚያርፈው 26 በምትለው ቁጥር ላይ ነው። ላርሰን የተሰጠው ሕይወት ስጦታ ብቻ አልነበረም፤ በየጊዜው የሚከፈል ብድርም ነበር። ብድሩን መክፈል የቻለው ግን ሐኪምም፣ ፋብሪካም፣ መንገድም በቅርቡ ስለነበሩለት ነው።

ብድር ደግሞ ውል አለው። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1986 ድረስ ይሸጥ የነበረ፣ ብዮርክ ሻይሊ የሚባል የልብ ቫልቭ ዓይነት በዓለም ዙሪያ ከ80,000 በላይ ሰዎች ልብ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከጊዜ በኋላ የቫልቩን ክዳን የሚይዘው ቀጭን ሽቦ በአንዳንዶቹ ላይ ሳይታሰብ ይሰበር ጀመር፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ሞቱ። ቫልቩ ከገበያ ሲወጣ ከባዱ ጥያቄ ቀረ። በደረታቸው ይዘውት ለሚኖሩት ይነገራቸው ወይስ ይተው? ቢነገራቸው ዕድሜያቸውን በስጋት ሊገፉ ነው፤ እንዳይወጣ ደግሞ ለብዙዎቹ ዳግም ቀዶ ሕክምናው ከቫልቩ የባሰ አደጋ ነበረው። እኔ ግን ይነገራቸው ከሚሉት ወገን ነኝ። ደረቱ የራሱ የሆነ ሰው ውሉንም ማወቅ አለበት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ለብዙ ዘመን ልቡ ለታመመ ሕፃን የነበረው ተስፋ የባሕር ማዶ ጉዞ ብቻ ነበር። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት መሥርተው ብዙ ሕፃናትን ወደ ውጭ ልከዋል። እ.ኤ.አ. በ2009ም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። የስንት ወላጅ እንባ እንደታበሰ መገመት አያዳግትም።

ነገር ግን የብረት ቫልቭ የተተከለለት ሰው ደሙ በቫልቩ ላይ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይውጣል። መጠኑ ካነሰ ደሙ ይረጋል፤ ከበዛ ይፈስሳል። ስለዚህ ደሙ በየጊዜው ይለካል። የጾም ጎመን እንኳ ሲበዛ የመድኃኒቱን ኃይል ያደክመዋል። የአክስቴ ልጅ ለዚህ ምርመራ ወይ ባሕር ዳር ወይ ጎንደር መሄድ አለባት። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት፣ አክስቴ የቀሩትን ክኒኖች በመዳፏ ላይ እየቆጠረች ስታድር አይቻለሁ። ይፋግ የጥንት የንግድ ከተማ ናት፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያለፉባት ተጓዦች ታላቅ ገበያዋን ጽፈዋል፤ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይቆጠርባት ነበር። በዚያች ከተማ ዛሬ የሚቆጠረው ክኒን ሆነ።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ መንገድ ተከፍቷል። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከሟቾች ደረት በቤተሰብ ፈቃድ የወጡ ፔስሜከሮችን አጽድተውና ፈትሸው፣ አዲስ መግዣ ለሌላቸው ይሰጣሉ። ኬንያንና ናይጄሪያን ጨምሮ በሰባት አገሮች፣ ወደ 300 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2024 ሲቀርብ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያገለገለው ከአዲሱ የሚያንስ ሆኖ አልተገኘም። «ለድሃ የሰው ትርፍ?» ብሎ የሚቆጣ አለ። እኔ የሟች ልብስ ለነዳያን በሚሰጥበት አገር አድጌአለሁና አልቆጣም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ተቀባዩ ያገለገለ መሆኑን ያውቃል? ባትሪው ያለቀ ቀንስ ማን ይደርስለታል?

ከአክስቴ ልጅ ጋር ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ አልሸሸጉንም። ዋርፋሪን ጽንስን ሊጎዳ ይችላል፤ ማቆሙ ደግሞ እናቲቱን ለሞት ያሰጋል። ከማርገዟ በፊት መጥታ መድኃኒቱ በሐኪም ምክር ከተስተካከለላት፣ ክትትሉም ካልተቋረጠ፣ የወለዱ አሉ፤ አደጋው ግን ፈጽሞ አይጠፋም። ይህን ሁሉ በአሥራ አራት ዓመቷ የነገራት አልነበረም። የፈረመው አባቷ ነበር፤ እርሱም የሰማው «ትድናለች» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ማን ይፈርድበታል? እኔም ብሆን እፈርም ነበር።

ስንመለስ በመኪናው መስኮት የፎገራን ሜዳ እያየች ብዙ ቆየች። ኋላ ግን «ጋሼ፣ ዕዳዬን አውቄ ብገባበት ይሻለኛል» አለችኝ።

በሥራዬ ገበታ ላይ ተበዳሪ ውሉን ሳያነብ እንዳይፈርም ሁልጊዜ እነግራለሁ፤ ማንበብ ለማይችልም አነብለታለሁ። ልብን ያህል ነገር የሚያበድሩም ይህን ቢያደርጉ እላለሁ። የቀረነውም ክኒኑ እንዳያልቅ፣ መንገዱ እንዳይዘጋ የየድርሻችንን እንክፈል፤ ዕዳው የእርሷ ብቻ አይደለምና።