«የትውልድ ቦታ፦ ናዝሬት»፤ የመርከበኛ መዝገብ እንዴት ይነበባል?

አባታችሁ ወይም አያታችሁ «መርከብ ላይ ሠርተዋል» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዱካቸውን መፈለግ ይቻላል። ለአዳማና ለአካባቢዋ ልጆች ግን ፍለጋውን የሚያወሳስብ አንድ ነገር አለ፤ የከተሞቻችን ስም።

የንግድ መርከብ ወደብ ሲገባና ሲወጣ የሠራተኞቹን ዝርዝር ያቀርባል። ካፒቴኑም ምግብ አብሳዩም እዚያ ላይ አሉ፦ ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ ዜግነት፣ የትውልድ ቀንና ቦታ። መርከበኛውም የራሱ ደብተር አለው፤ በየትኛው መርከብ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ ይጻፍበታል። እንግሊዞች የ1915 እ.ኤ.አ. ዝርዝራቸውን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቀውታል፤ ከ750,000 በላይ ስም አለበት። ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ አድራሻ፣ ከዚያ በፊት የሠሩበት መርከብ ሳይቀር ስልካችሁ ላይ ይገኛል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ኢብን ባቱታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከሕንድ ጉጃራት ሲነሳ፣ በተሳፈረባት መርከብ 50 ቀዛፊዎችና 50 ሐበሻ ተዋጊዎች እንደነበሩ ጽፏል። የባሕር ወንበዴ ሐበሻ ያለበትን መርከብ ይሸሽ ነበር ይላል። ደስ ይላል፤ ግን «ሐበሻ» ብሎ አለፈው። የማን ልጅ፣ ከየት አገር ሰው እንደሆኑ የለም።

ወደ እኛ እንምጣ። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ የተቋቋመው በ1956 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን መርከብ ላይ የወጣ የአዳማ ልጅ መዝገቡ ላይ «አዳማ» ተብሎ ላይገኝ ይችላል፤ ከተማዋ ወደ ቀድሞ ስሟ በይፋ የተመለሰችው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው እኮ። ስለዚህ «ናዝሬት» ብላችሁ ፈልጉ። እሱም ጣጣ አለው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከእስራኤሏ ናዝሬት ጋር አንድ ይሆናል። ዜግነቱን ሳታዩ አትለፉ። ቢሾፍቱን «ደብረ ዘይት»፣ ባቱን «ዝዋይ» ብላችሁ ሞክሩ።

ሁለተኛው ጣጣ የራሳችን ስም አጠራር ነው። የውጭ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ስለሚጠይቅ የአባት ወይም የአያት ስም ፊት ይገባል። በሁለቱም ፈልጉ፤ በላቲን ፊደል አጻጻፉንም እየለዋወጣችሁ ሞክሩ። የትውልድ ዓመቱ 7 ወይም 8 ዓመት ከተዛነፈ ደግሞ ሌላ ሰው ነው ብላችሁ አትተዉት፤ የእኛ አቆጣጠር እንዳለ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

ዛሬም መርከበኛ የሚሆን የአካባቢያችን ልጅ አለ። ባቦጋያ የማሪታይምና ሎጂስቲክስ አካዳሚ ያለው እዚሁ ቢሾፍቱ ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የመርከብ መሐንዲሶችን ያሠለጥናል። የመርከቦቻችን ጀርባ ላይ የተጻፈው ወደብ «አዲስ አበባ» ነው። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ባሕር የሌለው አገር በራሱ ባንዲራ መርከብ የማስኬድ መብቱ ባርሴሎና ላይ በ1921 እ.ኤ.አ. ታውቋል።

ቤት ውስጥ የቆየ የመርከበኛ ደብተር ካለ ቀለሙ ሳይጠፋ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱት፤ ማኅተሙም በደንብ ይታይ። አዛውንቱ በሕይወት ካሉ መጀመሪያ የመርከቡን ስም ጠይቋቸው። የድሮ ዝርዝሮች አብዛኞቹ የተቀመጡት በሰው ስም ሳይሆን በመርከብ ነው።