ጆንሰን ማውንቴን ቦይዝ እና የብሉግራስ ወግ

ብሉግራስ የሚባለውን የአሜሪካ ሙዚቃ በሸክላ የሰማ ሰው፥ በአፓላሺያ ተራሮች ከጥንት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የባላገር ዘፈን ይመስለዋል፡፡ እኛም ይህን ጥናት ስንጀምር እንደዚሁ መስሎን ነበር፡፡ ነገር ግን ሙዚቃው ሙሉ መልኩን የያዘው፥ ባንጆን በሦስት ጣት የሚመታው ኧርል ስክራግስ በ1945 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በኬንታኪው ተወላጅ በቢል ሞንሮ ጓድ ውስጥ በገባ ጊዜ ነው፡፡ ስለዚህ «የቆየ» የሚባለው ወግ ከአያቶቻችን ዕድሜ ብዙም አይበልጥም፡፡ የተራራው ነጮች ብቻ ንብረትም አይደለም፤ ባንጆ በባርነት ከተጋዙ አፍሪካውያን የመጣ መሣሪያ ሲሆን፥ ሞንሮም በልጅነቱ አርኖልድ ሹልዝ ከተባለ ጥቁር የጊታር ተጫዋች መማሩን ራሱ መስክሯል፡፡

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ የተራራ ሰዎች ሥራ ፍለጋ ወደ ዋሽንግተንና ወደ ባልቲሞር ወረዱ፤ ዘፈናቸውም አብሯቸው ወረደ፡፡ በዚሁ አካባቢ፥ በሜሪላንድ፥ ዱድሊ ኮኔል የሚመራው ጆንሰን ማውንቴን ቦይዝ በ1970ዎቹ ተቋቋመ፡፡ ጊዜው እንደ ኒው ግራስ ሪቫይቫል ያሉ ጓዶች የኤሌክትሪክ ቤዝና የሮክ ስልት የሚቀላቅሉበት ነበር፡፡ ኮኔልና ባልደረቦቹ ግን ወደ 1940ዎቹና 1950ዎቹ ድምፅ ተመለሱ፤ ጊታር፥ ማንዶሊን፥ ባንጆ፥ ቫዮሊንና ትልቁ የእንጨት ቤዝ በቃቸው፤ ሲቀርቡም ኮትና ክራባት አድርገው ነበር፡፡

ይህ የሰውን ድምፅ መቅዳት ብቻ ነው የሚል ቢኖር፥ እኛ አንስማማም፡፡ ኮኔል በአሮጌው ስልት የራሱን አዲስ ዘፈን ይደርስ ነበር፡፡ የእኛም አዝማሪ በትዝታ ቅኝት አዲስ ግጥም ሲያወጣ ቀጂ የሚለው የለም፡፡

ይልቅስ የከበዳቸው ኑሮው ነበር፡፡ ከከተማ ከተማ መዞሩ ስላደከማቸው፥ በፌብሩዋሪ 1988 በቨርጂኒያ ሉኬትስ በተባለች መንደር፥ በአንድ አሮጌ ትምህርት ቤት ውስጥ የስንብት ጨዋታ አቀረቡ፡፡ ራውንደር የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ቀርጾ በ1989 አወጣው፡፡ ስንብቱ ግን አልጸናም፤ አልፎ አልፎ እየተሰበሰቡ በ1993 ሌላ አልበም አሳትመዋል፡፡ የቫዮሊን ተጫዋቹ ኤዲ ስተብስም በ1995 ናሽቪል ገብቶ የግራንድ ኦል ኦፕሪ አስተዋዋቂ ሆነ፤ ሞንሮ በ1939 ጓዱን ይዞ የቀረበበት የራዲዮ ፕሮግራም ይኸው ነበር፡፡