ዕፀዋትን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መለየት

ተማሪ በስልክ ያነሣውን የቅጠል፣ የአበባ፣ የፍሬ ወይም የቅርፊት ፎቶግራፍ፣ ሊቃውንት አስቀድመው ስም በሰጧቸው እጅግ ብዙ ሥዕላት በሠለጠነ መተግበሪያ አስመርምሮ የዕፁን ስም የሚያውቅበት ዘዴ ነው። ከመተግበሪያዎቹም መካከል በፈረንሳይ የምርምር ተቋማት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የቀረበው ፕላንትኔትና ያለ ኢንተርኔት ሊሠራ የሚችለው ሲክ ይታወቃሉ፤ ፕላንትኔት የሚሰጠውም ቁርጥ ያለ ፍርድ ሳይሆን እንደ ቅርበታቸው የተሰለፉ ስሞችን ነው።

በደቡብ ኦሞ፣ የካራ ሕዝብ የኦሞ ወንዝ ሙላት ሲጎድል በሚቀረው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራባት በነበረችው በዱስ መንደር፣ ለዚህ ትምህርት ከግራር የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል፤ ቫቼሊያ ቶርቲሊስ በሚባለው የግራር ዐይነት ረጅም ቀጥ ያለ ነጭ እሾህና አጭር ቆልማማ እሾህ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አብረው ይገኛሉ፣ ፍሬውም እየተጠማዘዘ ይጠቀለላልና፣ ከሩቅ የዛፉን ቁመና ብቻ ያነሣ ልጅ ከሌላው ግራር በእርግጥ ሊለየው አይችልም። ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ እሾሁን፣ ቀጥሎም ፍሬውን በቅርብ ማስነሣት ይገባዋል። (ፍየል ጠባቂው ልጅ ግን ይህን ልዩነት ያለ ስልክም ሳያውቀው አይቀርም።)

መተግበሪያው ፎቶግራፋቸው በጥቂቱ በተሰበሰበ ዕፀዋት ላይ ይበልጥ ስለሚሳሳት፣ መልሱን ከመጽሐፍ ጋር ማነጻጸር ግድ ነው፤ ለዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተፈጸመው፣ 8 ቅጾች ያሉት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፀዋት ናሙና ማከማቻ) ዋነኞቹ ምስክሮች ናቸው። የካራ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ስምና ጥቅምም ተማሪው ከላቲኑ ስም አጠገብ በደብተሩ ያሰፍራል።