የሰላም ጓድ መምህራን ኑሮ በኢትዮጵያ

የአሜሪካ ሰላም ጓድ በፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋቁሞ በዚያው ዓመት የመጀመሪያዎቹን በጎ ፈቃደኞች ወደ ጋናና ወደ ታንጋኒካ ላከ። በ1962 ደግሞ ከ270 በላይ የሚሆኑ ወጣቶች አዲስ አበባ ገቡ። ክረምቱን በዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛና የአገሩን ታሪክ ሲማሩ ከርመው ነበር። መሪያቸው በኋላ የፔንሲልቬንያ ሴናተር የሆኑት ሃሪስ ዎፎርድ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በየክፍለ ሀገሩ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በመምህርነት ተመደቡ።

የጓዱ ደንብ በጎ ፈቃደኛው ኑሮውን ከሚያገለግለው ሕዝብ እንዳያርቅ ያዝዝ ነበር። ለኤምባሲና ለጦር ሠራዊት ሰዎች የተከፈተው ከቀረጥ ነጻ ሱቅ ለበጎ ፈቃደኞቹ ዝግ ነበር። በእጃቸው የሚገባው የወር መተዳደሪያ ብቻ ሲሆን፣ በስማቸው በየወሩ የሚጠራቀመው 75 ዶላር የሚከፈላቸው ሲሰናበቱ ነበር። በአስመራው ቃኘው ጣቢያ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች በግቢያቸው ውስጥ ሲኒማና መዝናኛ ሲኖራቸው፣ መምህራኑ ከከተማው ሰው ጋር በአንድ ገበያ ይሸምቱ፣ በአንድ አውቶቡስ ይሳፈሩ ነበር።

ያም ሆኖ እንደ ጎረቤቶቻቸው አልኖሩም። ሁለት ሦስት ሆነው ቤት ይከራያሉ፤ ሠራተኛና ዘበኛም ይቀጥራሉ። በብዙ የክፍለ ሀገር ከተሞች ይህ የባለጸጋ ኑሮ ነበር። ብዙዎች በአንድ ከተማ ሲመደቡ ደግሞ ምሽቱንና በዓሉን እርስ በርስ ማሳለፍ ይቀላቸዋል። ከአገሬው ጋር የሚኖራቸው ትውውቅ ከክፍልና ከመምህራን ማረፊያ ሳያልፍ የሁለት ዓመቱ አገልግሎት ሊያልቅ ይችል ነበር።

ያንን አጥር ያፈረሱት ከሁሉ በላይ ተማሪዎቹ ናቸው። በዚያ ዘመን የገጠር ልጅ ትምህርቱን ለመቀጠል ከቤተሰቡ ርቆ፣ ስንቅ እየተላከለት፣ በኪራይ ክፍል ይኖር ነበር። ብዙ መምህራን እንዲህ ያሉትን ልጆች አስጠግተዋል። ልጁ ገበያ ይላካል፣ እንግዳ ሲመጣ ያስተረጉማል፣ አማርኛ ያርማል፤ በምላሹ ማደሪያ፣ የደብተር መግዣና ለማንበብ የሚበቃ መብራት ያገኛል። ጓዱ በሣጥን ያድላቸው የነበሩ መጻሕፍትም ለአካባቢው ተማሪዎች የውሰት ቤተ መጻሕፍት ሆነው አገልግለዋል። መምህሩ ለፋሲካ ወደ ገጠር ተጠርቶ ከቤተሰቡ ጋር የሚቀመጠውም በዚሁ ልጅ በኩል ነው። በኋላ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ፖል ሶንጋስ በወሊሶ ሲያስተምሩ ከተማሪዎች ጋር በአንድ ቤት ኖረዋል። ከእንዲህ ዓይነቱ ዝምድና አንዳንዱ ዕድሜ ልክ ዘልቋል።

ግንኙነቱ ሁልጊዜ ለስላሳ አልነበረም። በ1961 ናይጄሪያ ውስጥ አንዲት በጎ ፈቃደኛ የኢባዳንን የጎዳና ኑሮ አንቋሽሻ የጻፈችው ፖስታ ካርድ በተማሪዎች እጅ ወድቆ ተቃውሞ ቀስቅሶ ነበር፤ እሷም አገሩን ለቃ ሄደች። በኢትዮጵያም በ1960ዎቹ መጨረሻ የተማሪው ንቅናቄ ሰላም ጓድን የአሜሪካ ኢምፔሪያሊዝም ክንድ አድርጎ አወገዘው። ቬትናም ውስጥ ይካሄድ የነበረው ጦርነት ደግሞ የመምህራኑን መልስ ከባድ አደረገው፤ ከእነሱም መካከል ጦርነቱን የሚቃወሙ ብዙዎች ነበሩ።

ጓዱ በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ከኢትዮጵያ ወጣ። በ1995 ተመልሶ፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ምክንያት ተቋርጦ፣ በ2007 እንደገና ሥራ ጀመረ። በጎ ፈቃደኞቹ ስለ ኢትዮጵያ ቆይታቸው በእንግሊዝኛ ብዙ ጽፈዋል። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቻቸው ዛሬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አረጋውያን ናቸውና፣ እነሱም የሚያስታውሱትን በአማርኛ ጽፈው ወይም አስጽፈው ሊያቆዩ ይገባል።