የቆመጡና የቍጥሩ ነገር

ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ሁከት በተነሣበት ጊዜ የሮማ ሻለቃ ከሕዝቡ እጅ አስጥሎ ወደ ጦሩ ሰፈር አስገባው፤ ከዚያም በኋላ እየተገረፈ እንዲመረመር አዘዘ። ሐዋርያው ግን በጠፍር ሲያስሩት የሮማ ዜግነት ያለው ሰው መሆኑን ለመቶ አለቃው አስታወቀ። ይህ ነገር በተሰማ ጊዜ ሊገርፉት የቀረቡት ፈጥነው ሸሹ፤ ሻለቃውም ስላሰረው ፈራ። ያስፈራው የእስረኛው ጕልበት አልነበረም፤ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የወጡት የፖርክያ ሕጎች የሮማን ዜጋ ያለ ፍርድ የሚገርፈውን ሹም የሚከለክሉ በመሆናቸው ነው። ዳሩ ግን ያ ሕግ የሚጠይቀው የተመታው ማን እንደሆነ ነበር። ዜግነት የሌለው ሶርያዊ በዚያው ሰፈር በዚያው ጅራፍ ቢገረፍ ሻለቃው እንቅልፍ ባላጣ ነበር። ተመቺው ማንም ይሁን ማን፣ የመታው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሥርዓት እስኪገኝ ድረስ ዓለም ብዙ ዘመን ቈይቷል። ይህም ጥያቄ በልብስ ላይ ተሰፍቶ ከታየባቸው ከተሞች አንዲቱ ሎንዶን ናት።

እንግሊዞች አስቀድሞ ፖሊስ የሚባለውን ነገር አጥብቀው ይጠሉ ነበር፤ በፈረንሳይ እንዳለው ያለ የመንግሥት ሰላይ ይሆንብናል ብለው ይፈሩ ነበርና። ከተማቸውን የሚጠብቁት በየደብሩ ክልል የተቀጠሩ የሌሊት ዘበኞች ነበሩ፤ ትልልቅ ወንበዴዎችም የሚያዙት ለያዛቸው ሰው በሚከፈል ሽልማት ነበር። ሽልማቱ 40 ፓውንድ ያህል ስለ ነበረ ሌባ እንይዛለን ባዮች ንጹሓንን በሐሰት እየመሰከሩ ለስቅላት አሳልፈው እስከ መስጠት ደረሱ፤ ከነርሱም ስመ ጥር የነበረው ዮናታን ዋይልድ ራሱ የሌቦች አለቃ ሆኖ ተገኝቶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1725 ተሰቀለ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ሁከት ሲነሣ ደግሞ የሚጠራው ወታደር ነበር። ወታደር ባዶ እጁን በቆመ ሕዝብ ላይ ሲላክ ምን እንደሚሆን በ1819 ኦገስት 16 ቀን በማንቸስተር ታየ፤ የምርጫ መብት ለመጠየቅ በተሰበሰበው፣ እስከ 60 ሺህ በተገመተው ሕዝብ መካከል ፈረሰኞች ሰይፍ መዘው ገቡና 15 ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በብዙ መቶ የሚቈጠሩም ቈሰሉ።

ከዚህ በኋላ የአገር ግዛት ሚኒስትር የነበረው ሮበርት ፒል በ1829 አዲስ ሕግ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 29 ቀን ማታ የመጀመሪያዎቹ ፖሊሶች በሎንዶን መንገዶች ላይ ታዩ። ሁለት አለቆች ተሾሙላቸው፤ ቻርልስ ሮዋን በዋተርሉ የተዋጋ መኰንን፣ ሪቻርድ ሜይን የሕግ ጠበቃ ነበሩ። ወታደርና ሕግ ዐዋቂ በአንድ ሥልጣን ላይ ማስቀመጡ ብልሃት ነበር፤ አንዱ ኀይልን፣ ሁለተኛው የኀይልን ወሰን ያውቃልና። የፖሊሶቹ ልብስ ወታደር እንዳይመስሉ በቀዩ ፈንታ ሰማያዊ ሆነ። ጠመንጃና ሰይፍ ለዘወትር ሥራቸው አልተሰጣቸውም፤ የተሰጣቸው አጭር የእንጨት ቆመጥ ነው፤ እርሱም በኮታቸው ጅራት ኪስ ተሸሽጎ ይያዝ ነበር። በአንገትጌያቸው ላይ ግን የየክፍላቸው ፊደልና የየራሳቸው ቍጥር ለሁሉ ተገልጦ ይታያል። ቆመጡ ተሰወረ፣ ቍጥሩ ተገለጠ። የተመታ ሰው የመቺውን ስም ባያውቅ፣ በመሸ ጊዜም መልኩን ባይለይ፣ ቍጥሩን ይዞ ሄዶ ይከሳል። በእንግሊዝ ሕግም ፖሊስ ስለ ሰነዘረው ምት የሚጠየቀው ራሱ ነው፤ ታዝዤ ነው ማለት ብቻውን አያድነውም።

ትምህርታቸው ግን ጥቂት ነበር። ሰልፍ ይማራሉ፤ ዋና ሥራቸው ወንጀል ሳይደረግ መከልከል መሆኑን፣ ቍጣንም መግዛት ለፖሊስ የግድ መሆኑን የሚያስረዳ የመመሪያ መጽሐፍ ይሰጣቸዋል፤ ከዚህ ቀጥሎ መንገዱ ያስተምራቸው ነበር። (ዛሬ የፒል ዘጠኝ መመሪያዎች ተብለው በየፖሊስ ትምህርት ቤቱ የሚጠቀሱት ቃላት ፒል የጻፋቸው አይደሉም፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ቻርልስ ሪት የተባለ የታሪክ ጸሐፊ አሰናድቶ ያወጣቸው ናቸው። ታላቅ ስም ያልወለደውን ልጅ ማሳደጉ የተለመደ ነገር ነው።) የመዝገብ ቍጥር 1 የተሰጠው ፖሊስ በመጀመሪያው ቀን ሰክሮ ተገኝቶ ተባረረ፤ በመጀመሪያዎቹም ዓመታት በመጠጥ ምክንያት የተባረሩት እጅግ ብዙ ናቸው። ፒል ሃውስ የተባለው የፖሊስ ማሠልጠኛ ቤት የተከፈተው በ1907 ነው።

ሥርዓቱ በእሳት የተፈተነው በተመሠረተ በአራተኛው ዓመት ነው። በ1833 ሜይ 13 ቀን የሠራተኞች ማኅበር ኮልድ ባዝ ፊልድስ በተባለው የሎንዶን ሜዳ ሕዝብን ለስብሰባ ጠራ። ሚኒስትሩ ሎርድ ሜልበርን ስብሰባው ከሕግ ውጭ ነው የሚል ማስታወቂያ በየግድግዳው አስለጠፈ፤ ማስታወቂያው ግን የማንም ፊርማ አልነበረበትም። ለሁለቱ የፖሊስ አለቆች የተሰጠውም ትእዛዝ የቃል ትእዛዝ ነበር፤ በኋላ ጥያቄ በመጣ ጊዜ ሚኒስትሩ የተናገረውና አለቆቹ የተናገሩት አልተስማማም። በተራው ፖሊስ አንገት ላይ ቍጥር ያሰፋ መንግሥት ለራሱ ቃል ፊርማ ነፈገ ማለት ነው።

ፖሊሶቹ ከየአቅጣጫው ወደ ሜዳው ገብተው መሸሻ ያጣውን ሕዝብ በቆመጥ ደበደቡ ተብሎ ተመሰከረባቸው። በዚያ ግርግር ሦስት ፖሊሶች በጩቤ ተወጉ፤ ከነርሱ አንዱ ሮበርት ከሊ ጥቂት እንደ ተራመደ ካልቶርፕ አርምስ በተባለ መሸታ ቤት ደርሶ ሞተ።

በእንግሊዝ አገር በዚያን ጊዜ በድንገት የሞተ ሰው አሟሟት ኮሮነር በሚባል ዳኛ ፊት በአካባቢው ሰዎች ይመረመር ነበር። 17 የሠፈር ሰዎች ተጠርተው ከሊ በሞተበት በዚያው መሸታ ቤት ለፍርድ ተቀመጡ። ዳኛው ውሳኔአቸውን እንዲለውጡ ቢወተውታቸውም እምቢ ብለው፣ ግድያው በሕግ ፊት የሚያስጠይቅ አይደለም ሲሉ ፈረዱ። የሁከት አዋጅ ለሕዝቡ አልተነበበም፤ መንግሥትም ስብሰባውን አስቀድሞ ለመከልከል የሚገባውን አላደረገም፤ ፖሊሶቹ ያሳዩት ጭካኔም ማንም ሳይነካቸው የተደረገ ነው የሚል ነበር ምክንያታቸው። ከተማው በደስታ ተቀበላቸው፤ ግብዣ ተደረገላቸው፤ ሜዳልያም ተሠራላቸው።

ደስታው ግን እንከን አለበት። ፍርዳቸው ከሊ ራሱ ማንን እንደ መታ አይናገርም። የአንገቱ ቍጥር የተሰፋው በዳዩን ፖሊስ ከማይበድለው ለመለየት ነበር፤ እነርሱ ግን በፖሊስ ሁሉ ላይ ፈርደው ዕዳውን በአንድ ሬሳ ላይ ጻፉት። ቍጥር ሳይጠይቅ የመታ ፖሊስና ቍጥር ሳይጠይቅ የፈረደ ሕዝብ በዚያ ሳምንት ተመሳሰሉ። ቈይቶም የንጉሥ ችሎት የተባለው ፍርድ ቤት ያን ፍርድ ሻረው፤ ሌላውን ፖሊስ ወግቷል ተብሎ የተከሰሰው ሰው በነጻ ተለቀቀ፤ ለከሊ ሞት የተቀጣ ሰው የለም። ፓርላማው ያቆመው ኮሚቴ በአብዛኛው ወደ ፖሊሶቹ አደላ። በዚያው ዓመት የተቀመጠ ሌላ ኮሚቴ ግን ዊልያም ፖፔይ የተባለውን ፖሊስ አጥብቆ ነቀፈው፤ ይህ ሰው ሠዓሊ መስሎ ወደ ሠራተኞቹ ማኅበር ገብቶ ራሱ ለዐመፅ ሲያነሣሣቸው ተገኝቶ ነበርና ከሥራው ተባረረ። ፖፔይ ባለ ቍጥሩን ኮት አውልቆ ነበር።

የሎንዶን ፖሊስ ነገር ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። አዲስ አበባን ቀድሞ ይጠብቁ የነበሩት የአራዳ ዘበኞች ናቸው፤ ከጠላት መባረር በኋላ ግን በ1942 ጃንዋሪ ከእንግሊዝ ጋራ በተደረገው ስምምነት የፖሊስ ኮሚሽነር ከእንግሊዞች እንዲሾም ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት የፖሊስ አዋጅ ቍጥር 6 ወጣ፤ በ1946 የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ተቋቋመ። በ1957፣ ማለት በእኛ 1949 ዓመተ ምሕረት የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም የተያዘውን ሰው በምርመራ ጊዜ የሚደበድበውን ሹም ወንጀለኛ ያደርገው ነበር።

በሎንዶን ከ176 ዓመት በኋላ ነገሩ እንደ ገና ተመለሰ። በ2009 ኤፕሪል 1 ቀን የሃያው መንግሥታት መሪዎች ለስብሰባ በመጡበት ጊዜ ሕዝብ ለተቃውሞ ወጥቶ ነበር። አንድ ጋዜጣ ሻጭ በዚያ መንገድ ወደ ማደሪያው ሲያልፍ አንድ ፖሊስ ከኋላው በቆመጥ መትቶ ገፍቶ ጣለው፤ ሰውዬው ጥቂት እንደ ሄደ ወድቆ ሞተ። መጀመሪያ በልብ ሕመም ሞተ ተባለ። የፖሊሱ ፊት በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር፤ የትከሻው ቍጥርም አይታይም ነበር። የገለጠው አንድ መንገደኛ በመቅረጫው ያነሣው፣ በጋዜጣም በኩል የወጣው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። በ2011 የአሟሟቱ መርማሪዎች፣ እንደ ካልቶርፕ አርምሶቹ ያሉ የአገር ሰዎች፣ ሰውዬው ያለ ሕግ ተገደለ ብለው ፈረዱ፤ በ2012 የወንጀሉ ችሎት ፖሊሱን በነጻ ለቀቀው፤ በዚያው ዓመት አለቆቹ ከሥራው አስወጡት፤ በ2013 የሎንዶን ፖሊስ ለሟቹ ቤተ ሰብ ይቅርታ ጠይቆ ካሣ ከፈለ።