ዊንቸስተር ሞዴል 52

ዊንቸስተር ሞዴል 52 ለዒላማ ተኩስ የተሠራ፣ .22 ሎንግ ራይፍል ጥይት የሚጎርስ አሜሪካዊ ጠመንጃ ነው። መቀርቀሪያው በእጅ ይሳባል፤ መርፌው የሚመታውም የቀለሁን መሃል ሳይሆን ጠርዙን ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በኒው ጀርሲ ካልድዌል በተካሄደው ብሔራዊ ውድድር ላይ ታየ። የዊንቸስተር ፋብሪካ ከዚያ በፊት ያወጣቸው የዚህ ወገን ጠመንጃዎች፣ በጆን ብራውኒንግ ንድፍ የተሠራውን ሞዴል 1900 ጨምሮ፣ ቀላልና ርካሽ የልጆች መሣሪያዎች ነበሩ።

ዝናውን ብዙዎች ለከባዱ አፈሙዝ ይሰጣሉ። አፈሙዙ ግሩም መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ተኳሹ አስተካክሎ ያላነጣጠረበት አፈሙዝ ምንም ያህል ቢጠራ ዋጋ የለውም። በተራው ክፍት ማነጣጠሪያ ዓይን የኋላውን ስንጥቅ፣ የፊቱን ጉጥና ዒላማውን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም። እንደ ላይማን 48 ያለው የኋላ የቀዳዳ ማነጣጠሪያ ግን ብርሃኑን አጥብቦ የፊቱንም የሩቁንም ያጠራል፤ ዓይንም ሳይታዘዝ መሃሉን ይይዛል። ብሎኑ ሲዞር ቀጭ እያለ በጥቂቱ ስለሚንቀሳቀስ፣ ተኳሹ የነፋስና የርቀት እርማቱን ቆጥሮ ይሰጣል፤ ቆጥሮም ይመልሳል። ከፊት ደግሞ በክብ ከለላ ውስጥ የሚቀያየር ቀለበት ይገባል፤ ጥቁሩ ዒላማ በቀለበቱ ውስጥ ሲቀመጥ ዙሪያውን የሚቀረው ነጭ ክፍተት እኩል ካልሆነ ስህተቱ ወዲያው ይታያል።

የማነጣጠሪያ መነጽር ይህን ሁሉ ከንቱ አድርጎታል የሚል መከራከሪያ አለ። መነጽር ዒላማውን ማቅረቡ እውነት ነው፤ ሆኖም በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር ዛሬም የሚፈቀደው የቀዳዳ ማነጣጠሪያ ነው።